መቀሴ ይመለስልኝ ዘንድ

ለተከበሩ የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፤
ግልባጭ፦ በሰሌዳው ፊት ለፊት ለሚያልፍ ሁሉ።

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እንቅልፍዎ የሞላ፣ ምግብዎ የተስማማ፣ የልብዎም ምት ሳይፈጥንና ሳይዘገይ እንደ ወትሮው የሚሄድ እንዲሆን እመኛለሁ። የእኔን ጤና ለመጠየቅ እንዳይደክሙ፤ እርስዎም መላው ሠራተኛም ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በሚገባ አንብባችሁታል።

ይህን የምጽፍልዎ በቆረጣ ክፍል ለአሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ስቆርጥ የኖርኩት፣ ከሁለት ወር ወዲህ ግን በእርስዎ በጎ ፈቃድ ምድር ቤት ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ በየቀለሙ የምለየው ሠራተኛ ነኝ። በቁጣ ልጽፈው አስቤ ነበር። ሦስት ቀን ጠበቅሁ፤ ቁጣው አልመጣም። የምወስደው መድኃኒት ከፍታዬንም ዝቅታዬንም ስለሚደለድለው የሚሰማኝ ነገር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ቃሌ ቢቀዘቅዝብዎ ንቀት እንዳይመስልዎ። ቁጣ የጎደለበትን ቦታ ራስዎ ይሙሉልኝ፤ በዚህ በኩል የሚያንስዎት እንዳልሆነ አውቃለሁ።

፩ኛ/ ስለ ሰሌዳው። ፈቃድ የጠየቀ ሠራተኛ ሁሉ ስሙ ከነምክንያቱ በበሩ አጠገብ ባለው ባለመስታወት ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ያዘዙት ሐሜት ይጥፋ ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት እንዲፈቀድልኝ ለእርስዎ ብቻ በፖስታ አሽጌ ያቀረብኩት ማመልከቻ በማግሥቱ ጠዋት ከ«ጥርስ ማስነቀል» በታች፣ ከ«ቤት መቀየር» በላይ፣ «የስሜት መዋዠቅና የጭንቀት ሕክምና» ተብሎ ተለጥፎ አገኘሁት። እውነቱን ለመናገር የጸሐፊዎ ፊደል ያምራል። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰው ሁሉ ደግ ሆነልኝ። ምሳ መብያው ስገባ ወሬ ይቆማል። ደህና ነሽ ወይ የሚለኝም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የተኛ ሕፃን አጠገብ እንዳለ ሰው ሆኖ ነው። አንዲት የልብስ መተኮሻ ክፍል ባልደረባዬማ አይዞሽ እቴ፣ አክስቴንም እንዲሁ አድርጓት ነበር፣ ኋላ ግን ሞተች፣ ብላ አጽናንታኛለች። ከልቧ ነው።

፪ኛ/ ስለ መቀሱ። ስሜ ሰሌዳው ላይ በወጣ በአራተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ መቀሴን አጣሁት። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ዓይኔን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ ለራስሽው ደኅንነት ነው ተብሏል አለኝ። ይህ መቀስ አውራ ጣቴ ላይ የራሱን ቦታ የሠራ ነው፤ ከእጄ ሲወጣ ቦታው ባዶውን ቀረ። መድኃኒቱን መውሰድ የጀመርኩት ደግሞ ዛሬ ሳይሆን ከስድስት ዓመት በፊት ነው። እንግዲህ ያለፉት ስድስት ዓመታት ጨርቅ ሁሉ የተቆረጠው፣ በእርስዎ አነጋገር፣ «በዚህ ሁኔታ ላይ ባለች ሰው» እጅ ነው ማለት ነው። አሁን የለበሱት ኮት ጭምር። እንዳይደነግጡ፤ በደንብ ተቀምጦልዎታል።

፫ኛ/ ስለ ተተኪዬ። በቦታዬ ፊቱ የማይለዋወጥ፣ ጭንቀት በዞረበት ያልዞረ፣ የረጋ ሰው ስለመደቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እርስዎ እንደሚያውቁት (ካላወቁም አሁን ይወቁት) ጨርቅ ተደራርቦ ሲነጠፍ አንዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ፊቱን ወደ ታች መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ በአንድ የእጅጌ ልክ ሲቆረጥ እኩል የግራና እኩል የቀኝ እጅጌ ይወጣል። የረጋው ሰው ሁሉንም ፊቱን ወደ ላይ ነጠፈው። ለሆስፒታል ከታዘዘን አራት መቶ ጋውን ስምንት መቶ የግራ እጅጌ አገኘን። እሱ አልተጨነቀም። እኔ ብሆን እጨነቅ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ጫፍ ጫፉን እያነሳሁ አይ ነበር። ያ ጭንቀቴ ስንት ዓመት ለፋብሪካው ሲያገለግል እንደኖረ የገባኝ ያኔ ነው። እጅጌዎቹ አሁን በማዳበሪያ ከረጢት ታጭቀው ምድር ቤት ከእኔ ጋር ናቸው። እደገፍባቸዋለሁ፤ ይመቻሉ።

፬ኛ/ ስለ ማስረጃው። «ፈጽማ ድናለች፤ መድኃኒትም አያስፈልጋትም» የሚል የሐኪም ወረቀት እስከ ወሩ መጨረሻ ካመጣሁ መቀሴ እንደሚመለስልኝ፣ ካላመጣሁ ግን ምድር ቤት በቋሚነት መመደቤን እንድፈርም አዘዙኝ። ሐኪሜን ለመንኳቸው። ደህና የሆንሽው እኮ ስለምትወስጂው ነው፣ ይህን ብጽፍልሽ ዋሸሁ ማለት ነው አሉኝ። እርስዎ መነጽር ያደርጋሉ፤ ዓይንዎ ፈጽሞ መዳኑን የሚገልጽ ማስረጃ ካላመጡ ደብዳቤ አይፈርሙም ያለዎት ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

ወረቀቱ እምቢ ሲለኝ እኔው ልዳን ብዬ መድኃኒቴን አቆምኩ። ዘጠኝ ቀን። ለሐኪሜም፣ ለአማካሪዬም፣ አብራኝ ለምትኖረው ታናሽ እህቴም አልተናገርኩም። ማክሰኞ ማክሰኞ የማነጋግራት የሥነ ልቦና አማካሪዬ የየቀኑን ስሜቴን ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር እየሰጠሁ በደብተር እንድጽፍ አዛኛለች። ደብተሬ ለሳምንታት አምስት፣ አምስት፣ አምስት ነበር የሚለው። ባቆምኩ በአራተኛው ቀን ሰባት ጻፍኩ። በስድስተኛው ቀን አሥር። ቀለሙ ሁሉ ደመቀልኝ፤ ቁልፍ እየለየሁ ዘፈንኩ፤ ምሳ ሳልቀምስ ዋልኩ፤ ላገኘሁት ሁሉ የሆዴን አወራሁ። በስምንተኛው ቀን ምንም አልጻፍኩም። በዘጠነኛው ቀን እህቴ ከውስጥ የቆለፍኩትን የመታጠቢያ ቤት በር በትከሻዋ ሰብራ ገባች።

ትከሻዋን እስካሁን ያማታል። ወለሉ ላይ ይዛኝ ተቀምጣ፣ አንቺን አጥቼ ምን ልሆን ነበር እያለች ስታለቅስ አያት ነበር፤ ማልቀስ እንደሚገባኝም አውቅ ነበር። አልመጣልኝም። ዛሬ ክኒኑን ጠዋት ጠዋት በእጇ የምትሰጠኝ እሷ ናት፤ እስክውጠው ቆማ ታየኝና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ደብተሬ አሁን አራት ላይ ነው። ሐኪሜ መጠኑን ቀስ እያልን እናስተካክለዋለን ብለውኛል። ደስታ አይሉትም፤ ግን አለሁ፤ እህቴም ያለሃሳብ ሥራዋን ትሠራለች።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፤ ማስረጃውን አላመጣም፣ ዝውውሩንም አልፈርምም። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት በቆረጣው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ያገኙኛል። የምጠይቀው መቀሴን ብቻ ነው። የቀኝ እጅጌ የሚቆርጥ ሰውም ሳያስፈልግዎት አይቀርም።

ይህን ደብዳቤ የቤት ሥራ አድርጋ የሰጠችኝ አማካሪዬ ናት። ለበደለሽ ሰው ጻፊ፣ ግን እንዳትልኪው ነበር ያለችው። እኔም አልላክሁትም፤ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት፤ ግልጽነትን የተማርኩት ከእርስዎ ነው። መስታወቱን ማን እንደከፈተልኝ አይጠይቁኝ። ስሜ ከወጣ ወዲህ አምስት ሰዎች ተራ በተራ ምድር ቤት ወርደው ሐኪሙ የት እንደሚገኙ በሹክሹክታ ጠይቀውኛል። የእነሱን ስም እንኳን በሰሌዳ፣ በጆሮዎም አልነግርዎትም።

ላደረጉልኝ ጥንቃቄ፣ ለምድር ቤቱ ጸጥታና ለእጅጌዎቹ ልስላሴ ደግሜ እያመሰገንኩ፣ ሐኪም ባዘዘልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

ታዛዥዎ፣ የቆረጣ ክፍል ቆራጭ።

ማስታወሻ፦ ምድር ቤት ድረስ ወርደው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት እጄን ጨብጠው የሰጡኝን የምስጋና ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዤ መልሼዋለሁ። «ብሩህ ፊትና አርአያ የሚሆን ትጋት አሳይታለች፤ አሁን ገና ጤነኛ ሆነች» ይላል። የተጻፈበትን ቀን ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት፤ መድኃኒቴን ባቆምኩ በስድስተኛው ቀን ነው። እህቴ በሩን የሰበረችው ከዚያ በሦስተኛው ቀን ነበር።