ድኩላው ያመለጠበት ቱቦ

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 1968 ዓ.ም.

ውድ ይማም፣

እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡም ጀምሯል። ነጋዴው አራጌ ከተንዳሆ ሲመለስ «መሬቴን አድማሴ ይያዘው፤ እኔ ጥጥ ለቀማውን ለምጄዋለሁ» ማለትህን ነገረኝ። ተናደድሁብህ። ለምን እንደተናደድሁ እንዲገባህ ከመንገዱ ልጀምር።

አብረን የቆፈርነው መንገድ ጫካውን ከወንዙ ሲለየው፣ አውሬው መኪና እየፈራ ከዳር ደርሶ ይመለስ ነበር። ኋላ ለጎርፍ በቀበርነው ትልቅ ቱቦ እየሾለከ ውኃ መውረድ ለመደ። ቱቦው አፍ ጭቃው ላይ የድኩላ ኮቴ፣ የጅብ ዱካና የጃርት እሾህ መጀመሪያ ያየኸው አንተ ነህ። ዝንጀሮ ብቻ ነው እስከ ዛሬ እንደ ባለርስት በመንገዱ ላይ እየተንጎራደደ የሚሻገር።

በክፉው ቀን የምንቀምሰው ሲጠፋ አንድ ማለዳ ድኩላ ሲገባ አይተን ቱቦውን ከበብን። አንተ በታችኛው አፍ ጋቢህን ወጥረህ ጠበቅህ፤ እኔ ከላይ በዱላ እየደበደብሁ ነዳሁት። ድኩላው ጋቢህ ውስጥ ተጠቅልሎ ወደቀ። እኔ ቀንዱን፣ አንተ የኋላ እግሩን ያዝን። ታዲያ እኔ ባርኬ ካረድሁት የአንተ ቤት አይበላውም፤ አንተ ከባረክኸውም የእኔ ቤት።

«ባርክ አንተ፤ ሚስትህ አራስ ናት» አልሁህ።

«ወላሂ አልባርክም! ልጅህ ንግሥቴ ታማ ተኝታ? በስመ አብ በልና ባርክ!»

እኔ ቢላዋውን ስዘረጋልህ፣ አንተ በእጅህ ስትመልስልኝ፣ ድኩላው መያዣው መላላቱን ከእኛ ቀድሞ አወቀ። ጋቢህን ቀንዱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተመልሶ ቱቦው ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም ባዶ እጃችንን ቤት መግባት አቃተን። «አብሽር» አልኸኝ፤ አንተው ያለ ጋቢ በብርድ እየተንቀጠቀጥህ። ብዙም ሳትቆይ ሚስትህንና ጨቅላውን ይዘህ በዚያው መንገድ ወደ ተንዳሆ ወረድህ። ንግሥቴን የእርዳታ እህል ደርሶ አተረፋት። ያንተም ልጅ እየሮጠ ነው ሲለኝ አራጌን አቅፌ ሳምሁት።

አሁን መሬቱ ለአራሹ ሆኗል። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀ መንበር ፈንታው «የይማምን ማሳ ያቆየኸው አንተ ነህ፤ በስምህ እናድርገው» ይለኛል። የይማም ነው እላለሁ። አንተ ደግሞ የአድማሴ ነው ብለህ ትልካለህ። ትናንት ሰለቸውና «እስከ ሰኔ ሚካኤል ባለቤቱ ካልቀረበ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለኝ።

አንተ ባርክ፣ አንተ ባርክ ስንባባል ካሁን በፊት ያጣነው ይበቃናል። ደግሞም ናፍቀኸኛል፤ ሌላ ጎረቤት አልፈልግም። ድርቁ ያባረራቸው ድኩሎች እንኳ ተመልሰዋል፤ ባለፈው አንዷ ግልገሏን አስከትላ በቱቦው ስታልፍ አይቻለሁ።

ማሳህን ደጋግሜ አርሼ ለጤፍ አለስልሼዋለሁ። ዘሩን ግን አልነካሁትም። መጥተህ ቢስሚላህ ብለህ ራስህ ዝራው። ቢስሚላህ ተብሎ የተዘራ ጤፍ እንደሆነ የእኔም ቤት ይበላዋል።

ጎረቤትህ አድማሴ