ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው አዳራሽ

ውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽን ሴት እንዳትቆጪያት እለምንሻለሁ። መለመን እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ነገሩን ከመነሻው ላስረዳሽ፤ ምንም እንኳ በራሴ ልብ ውስጥ መነሻና መድረሻው ተደበላልቆብኝ ቢሰነብትም።

ለሥራ ስልጠና እንደምትሄጂ ነግረሽኝ፣ ሚጣን ከትምህርት ቤት እንዳመላልሳት አደራ ብለሽኝ ሄድሽ። አደራሽን ተቀብዬ፣ ኮትና ክራባቴን አድርጌ፣ ከሰዓት በኋላ ሁሉ በትምህርት ቤቱ በር ከእናቶቹ መካከል እቆማለሁ።

«አባባ፣ ዛሬም ክራባት? ሙሽራዋ ማን ናት?» ትለኛለች ከመካከላቸው ልብስ ሰፊዋ።

«ክራባት ለሰርግ ብቻ አይደለም።»

«እንግዲያው ያጋደለውን ላቃናልዎት!» ብላ አንገቴ ላይ እጇን ትሰዳለች፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔም፣ ላንቺ አልደብቅሽም፣ ሳላስበው ያን ሰዓት መናፈቅ ጀምሬ ነበር።

አንድ ቀን ስልጠናው የት እንደሚሰጥ ልብስ ሰፊዋን ጠየቅኋት። «ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው አዲሱ አዳራሽ ነው፤ ስልክ እንደ ልብ አያስነሱም» አለችኝ። በማግስቱ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ እናት ያንኑ ቃል ደገመችልኝ። ባንክ የምትሠራዋም እንደዚያው፣ አንድ ቃል ሳታጎድል።

ልጄ ሆይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ጎማ ቤት ነው። ጋዜጣዬን የምገዛው በዚያ በኩል አልፌ መሆኑን አንዳቸውም አላወቁም። ዕድሜዬን ፈተና ስቆጣጠርና ሳርም ኖሬአለሁ፤ ትክክለኛ መልስ ከብዙ ተማሪ ቢመጣ አይደንቀኝም፣ ብዙዎች አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ሲሠሩ ግን ተኮራርጀዋል ማለት ነው።

«ሁላችሁም አንድ ቦታ ተሳስታችኋል» አልኋቸው። «ማን ከማን ኮረጀ?»

ልብስ ሰፊዋ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። የመድኃኒት ቤቷ እናት፣ «ኧረ አባባ፣ እኛ ከትምህርት ቤት ከወጣን ቆየን እኮ! አሁንም ሊያንበረክኩን ነው?» ብላ ቀልድ ሞከረች። ዓይኗ ግን ትንሽ ራቅ ብላ ወደ ቆመችው ወደዚያች ሳቂታ ልጅ እናት ሸሸ። ሳቂታዋ የሚጣ የወንበር ተጋሪ መሆኗን፣ ታማ ከቀረችም መሰንበቷን አውቅ ነበር። ያንቺን ነገር ከእሷ ጋር የማያያዝበት ምክንያት ግን አልነበረኝም።

ያን ማታ በስልክ ስጠይቅሽ፣ «ደህና ነኝ አባዬ፣ ሚጣ በላች?» ብለሽ ወሬ ለወጥሽብኝ። ከሥራ ተባረሽ ይሆን? ሰው ወደሽ ይሆን? ታስረሽ ይሆን? አንዱን ሳነሳ ሌላው ይወድቅብኛል። ሚጣ፣ «እማዬ የት ናት?» ስትለኝ ደግሞ ምን ብዬ መለስሁላት መሰለሽ? «ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው አዲሱ አዳራሽ።» የኮረጅሁት እኔው ሆንሁ።

ትናንት የሳቂታዋ እናት ቤታችን ድረስ መጣች። ግቢ ብላት እምቢ አለች፤ ደጃፉ ላይ ቆማ የቦርሳዋን ማንገቻ ስታሽ ቆየች።

«አባባ፣ ልጅዎ ያለችው ሆስፒታል ነው» አለችኝ።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም፤ ጤነኛ ናት። ለልጄ አንድ ኩላሊቷን ልትሰጣት ነው። የእኔ አልስማማ አለ፣ የዘመዶቻችንም አልሆነ። እሷ ግን ሳልጠይቃት ተመርምራ፣ ሲስማማ ነው የነገረችኝ። ‹አባቴ ከሰማ ይከለክለኛል› ብላ ሁላችንንም አስምላናለች።»

«ታዲያ መሐላሽን ለምን አፈረስሽ?»

«እርስዎ በር ላይ ሰላም ባሉኝ ቁጥር ሌባ የሆንኩ መሰለኝ። አባቷ ሳያውቅ ከልጁ ገላ ወስጄ፣ ልጄ ስትድን በየት በኩል ደስ ይበለኝ? ይርገሙኝም እንደሆነ አውቀው ይርገሙኝ።»

ልረግማት አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን፣ «ልጅሽ አሁን እንዴት ናት?» የሚል ሆነ። እሷም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እኔ ደግሞ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ መሐረቤን ሰጥቻት ግድግዳውን እመለከት ጀመርሁ።

ልጄ፣ ጉዳዩን ብታማክሪኝ ኖሮ በእርግጥ እከለክልሽ ነበር። በዚህ ረገድ በትክክል አውቀሽኛል። ያለኝ ልጅ አንቺ ብቻ ነሽ፣ ሚጣም ያለቻት እናት አንቺ ብቻ ነሽ። ደግሞ ያቺን ሕፃን ከሚጣ አጠገብ ተቀምጣ ስትስቅ አይቻታለሁ። መዋሸትሽ ያናድደኛል፤ የዋሸሽበት ምክንያት ያኮራኛል፤ ኩራቱ ደግሞ ያስፈራኛል። እነዚያ ሴቶች ዓይኔን እያዩ ዋሹኝ፤ ሆኖም ዛሬ ከሁሉም ሰው አብልጬ የማምነው እነሱን ነው። ይህን እንዴት አድርጌ ላስታርቀው? የተማርሁት ትምህርት እዚህ ድረስ አላደረሰኝም።

ሐኪሞቹ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ሐሳብሽን መለወጥ እንደምትችዪ ነግረውሻል አሉ። ዛሬ ጠዋት የሳቂታዋ እናት ይህን ደብዳቤ ልትወስድ መጥታ፣ «ሊያስቆሟት ነው የሚመጡት ወይስ ሊመርቋት?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላውቅም» አልኋት። በሰው ፊት ይህን ቃል ስናገር ሰምተሽኝ አታውቂም።

«እንግዲያው ሳያውቁ ይምጡ» አለችኝ።

ሚጣን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ አሳድሬ ነገ እመጣለሁ። በሩን ከፍቼ ስገባ፣ የምናገረውን አብረን እንሰማዋለን።

ግራ የተጋባው አባትሽ