ባኞ ውስጥ የገባው ጀልባ

ኮከብ፣

ወንድሜን ፍለጋ ሄጃለሁ። ጀልባው ፈርሶ ሲያይ ኮቱን እንኳ ሳይለብስ ወጣ። ወደ ወንዙ ሲወርድ አይተውታል።

ጀልባ ነው ብለሽ ባኞ ውስጥ አንሳፈፍሽው! በኮላ የተጣበቀ እንጨት እኮ ነው፣ ውሃ ይፈታዋል። ኮሪያ ዘምተው ወንዝ የተሻገሩበትን አስመስሎ ክረምቱን ሙሉ የለፋበት!

ጀልባው የሚጫንበት ትንሹ ተጎታች ጋሪ ደህና ነው፣ አትንኪው።

ቀድሞኝ ከመጣ ሾርባውን አሙቂለት። ይቅርታ ምናምን እንዳትይው፣ ዝም በይ።

ጠዋት የጮህኩብሽን... ተይው።

እርሳስ አቅልጦ ሠርቶ ጀልባው ላይ ያስቀመጣቸው ወታደሮች አምስት ነበሩ። ኮሪያ ሞተው የቀሩት ጓደኞቹ ናቸው፣ በየስማቸው ነው የሚጠራቸው። አራቱን ባኞው ውስጥ አገኘኋቸው፣ አንዱ ከውሃው ጋር ተደፍቷል። የደፋሽበት ሄደሽ ፈልጊ፣ አፈሩንም ቢሆን ቆፍሪ።

ሲገባ መጀመሪያ የሚቆጥረው እነሱን ነው።

ዘመነች