ሃያ ሦስት ኪሎ ተገላገልኩ

ውድ እትዬ፣

ባለፈው እሑድ ስደውልልሽ «አሁን ደግሞ ምን ትዝ አለህ?» ብለሽ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። አልተቀየምኩም። አንቺን ብሆን ከመዝጋቴ በፊት ሁለት ሦስት ቃል ጣል ሳላደርግ አልለቅም ነበር። ስለዚህ በደብዳቤ መጣሁ። ልጅሽ ለሥራ እዚህ ከርማ ወደ ቤት ልትመለስ ስለሆነ ይዛልሽ ትመጣለች። ብትቀዳድጂው ሌላ ኮፒ ሰጥቻታለሁ፤ ቁጭ አድርጋ ታነብልሻለች።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ዋሽቼሻለሁ። እሱን ልናዘዝ ነው።

ኩላሊቶችሽ ሥራ አቁመው በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ጀመርሽ ሲሉኝ «የኔን አንዱን ውሰጂ» አልኩሽ። አንቺ እንቢ ስትዪ፣ እኔ ስጮህ፣ ልጅሽ መሃል ገብታ ስታስታርቀን፣ በመጨረሻ «እንግዲህ ተመርመርና እናያለን» አልሽኝ። ተመረመርኩ። ከዚያ ወዲህ የነገርኩሽ ሁሉ ውሸት ነው። የምርመራ መሣሪያው አልተበላሸም። ሐኪሙም ለሥልጠና አልሄደም። «ናሙናዬን ከሌላ ሰው ጋር ስላደባለቁት እንደገና ሊወስዱ ነው» ያልኩሽንማ ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ። የላቦራቶሪው ልጆች እንዴት ያሉ ጠንቃቆች መሰሉሽ!

እውነቱ ይኸውልሽ። ሐኪሙ ውጤቱን ገልጦ «ደማችሁ ይስማማል፤ ኩላሊቶችህም ጤነኛ ናቸው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል «ቁጭ በል» አለ።

«መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ነህ። የደም ግፊትህ ከፍ ብሏል። ስኳርህም ድንበር ላይ ቆሟል። እንዲህ እያለህ አንድ ኩላሊት ቢወሰድብህ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንተም እህትህ አልጋ አጠገብ ትተኛለህ። እኔ ከአንድ በሽተኛ ሁለት አልሠራም።»

«ስንት ልቀንስ ታዲያ?»

«ከዘጠና በታች ሆነህ ና። ግፊቱና ስኳሩም ይውረዱ። ያኔ እንነጋገራለን።»

ሳቅሁ፣ እትዬ። ስደነግጥ እንደምስቅ ታውቂያለሽ።

ሱቄ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አወረድኩ። ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ስለካ ኖሬ፣ የራሴን ከለካሁ ስንት ዘመኔ! ሱሪ በጠበበኝ ቁጥር ከኋላ ላስቲክ እየጨመርኩ ነበር የምኖረው። ደንበኞቼ ሜትር ሲያዩ ሆዳቸውን ይስባሉ፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ ሆኜ ሁለት ሳንቲሜትር እጨምርላቸዋለሁ። ያን ቀን ማንም በሌለበት ክፍል ውስጥ እኔም ሆዴን ስስብ ራሴን ያዝኩት። ለማን ብዬ? ለቀቅሁት። መቶ ሃያ አንድ።

ታዲያ ለምን አልነገርኩሽም? እናታችን ስታርፍ አንቺ አሥራ አራት፣ እኔ ስድስት ዓመታችን ነበር። ዳቦ ቤት ተቀጠርሽና ሳይሸጥ ያደረውን ታመጪልኝ ጀመር። ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ስበላ ታዪኛለሽ። «አንቺስ?» ስልሽ «እኔ እዚያው በልቻለሁ» ትያለሽ። አብራሽ ትሠራ የነበረችው ሴትዮ፣ ካገባሁ በኋላ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ፣ ለሠራተኛ የሚሰጥ ምግብ የሚባል ነገር እዚያ ቤት እንዳልነበረ እንደ ዋዛ ነገረችኝ። የቀሚሱን እጅጌ አበላሽቼ እንደገና ቆረጥኩት። ይህንንም እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም።

ጉንጬ ሞላ ሲል ለጎረቤቱ ሁሉ «ወንድሜን አያችሁት?» እያልሽ ታሳዪኝ ነበር። እና አሁን «ያሰናከለን ውፍረቴ ነው» ብልሽ ያን ሁሉ ዳቦ አንድ በአንድ እያነሣሽ ራስሽን ልትወቅሺ ነው። ወይም ደግሞ «ለኔ ብለህ አትራብ፣ ተወው» ልትዪኝ ነው። ሁለቱንም መስማት አልፈለግሁም። ስለዚህ መሣሪያው ተበላሸ አልኩሽ።

በዚያው ሳምንት አንዲት ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህርት የቱታቸውን ዚፕ ሊያስቀይሩ መጡ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ሱቄ እስካለበት አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥተው ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም። እኔ ደግሞ ከማሽኔ ተነሥቼ ከመደርደሪያ ዚፕ ሳወርድ ቁና ቁና ተነፈስኩ።

«አንተ ልጅ፣ ታመሃል እንዴ?» አሉኝ።

አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ «አንተ ልጅ» የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁ። ሆዴ ባባና ያለውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፤ አንቺን፣ ሐኪሙን፣ ኪሎውን። ሰምተው ሲያበቁ «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ በር ላይ» አሉ። «ብትቀር ቱታዬን ሌላ ሰፊ ጋ ነው የምወስደው።»

ሄድኩ። እሳቸው ሳይነግሩኝ ሩጫ ስጀምር በእጅጌዬ ያዙኝ። «ማን ሩጥ አለህ? ጉልበትህን ልትሰብረው ነው? ተራመድ!» ሕጋቸው አጭር ነው፦ እየተራመድኩ ማውራት ካቃተኝ ፈጥኛለሁ፤ መዝፈን ከቻልኩ ግን እያጭበረበርኩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ዙር ሳያልቅ ሣሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

«መምህር፣ በቃኝ፤ ሞቻለሁ።»

«የሞተ ሰው አያወራም። ተነሥ።»

ሊፍትም ከለከሉኝ። የሕንፃው ጥበቃ ጠዋት ጠዋት ደረጃው ሥር ሲያየኝ «ጋሼ፣ ሊፍቱ እኮ ይሠራል» ይለኛል። «አውቃለሁ» እለዋለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ማወቄ ይቆጨኛል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ባለቤቴ አለችልሽ። በቀን ስምንት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው ሦስት ማንኪያ ስኳር እንደምጠጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብላ አሰበችው። «ሃያ አራት ማንኪያ! ሻይ ነው ወይስ ሽሮፕ የምትጠጣው?» አለችና የስኳሩን ዕቃ እንዳለ ለጎረቤት ሰጠችው። ዘይት በማንኪያ መለካት ጀመረች። ትልቁን ሳህኔን ደብቃ በትንሽ ሳህን ታቀርብልኛለች፤ ከዚያውም ላይ ግማሹን አትክልት ታደርገዋለች። የመጀመሪያ ሰሞን ስኳር የሌለው ሻይ ስጠጣ ምን አጥፍቼ እንደተቀጣሁ እያሰብኩ ነበር። እሷም አብራኝ እየበላች ስድስት ኪሎ ቀነሰች፤ ልብሷን ሁሉ እንዳጠብብላት ቆልላልኝ ሄደች። ትርፉ ለኔ ሥራ ሆነ።

በሦስተኛው ወር መቶ አንድ ገባሁ። ከዚያ ነው የተበላሸው።

የሙሽራ ቀሚስ የሰፋሁላት ልጅ ከሠርጓ የተረፈ ኬክ በካርቶን ይዛልኝ መጣች። «አንድ ቁራጭ ብቻ» ብዬ ጀመርኩ። ያስተረፍኩት ካርቶኑን ነው። በማግሥቱ ብስኩት ገዛሁ፤ ከዚያ ወዲያ የአዝራር መሳቢያዬ የብስኩት መሳቢያ ሆነ። ጠዋት እራመዳለሁ፣ ከሰዓት አዝራር እፈልጋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሚዛኑ መቶ ላይ ተቸክሎ ቀረ።

አሁን የምጽፍልሽ ከሁሉም የከበደኝን ነው። ሚዛኑ ሲቆም ልቤ በድብቅ ደስ ብሎት ነበር። ቢላዋው ያስፈራኝ ነበር፣ እትዬ። ካልቀነስኩ «ሞክሬ ነበር፣ አልሆነም» እላለሁ፤ ማንም አይወቅሰኝም፣ ማንም ሰው ጎኔን አይከፍተውም። ጠዋት ላንቺ ብዬ እራመድና ከሰዓት ወደ ቢላዋው ላለመምጣት እበላ ነበር። ይህን ለባለቤቴም አልነገርኳትም።

አንድ ቀን ከሰዓት ልጅሽ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«አጎቴ፣ እማዬ ከእንግዲህ እንዳትጠይቂው ብላኛለች።»

«ለምን? ምን ብላ?»

«ተወው።»

«ንገሪኝ እንጂ!»

«ወንድሜ ሆዱን ይወዳል፤ ድሮም ሆዱን ይወድ ነበር፤ ግን አልቀየመውም ነው ያለችው» አለችኝ።

ለራሱ የሚሳሳ ማለትሽ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ ነው የሰማሁት፤ ያን ሰዓት አፌ ውስጥ ብስኩት ነበረ። መዋጥም መትፋትም አቃተኝ። «አልቀየመውም» ያልሽው ደግሞ ከስድቡ የበለጠ አንገበገበኝ። ብትሰድቢኝና ብትተዪኝ ይሻለኝ ነበር።

ሱቁን ዘግቼ ብስኩቱን እንዳለ ይዤ መምህርቷ ቤት ሄድኩ። ስለ መሳቢያውም፣ ስለ ፍርሃቱም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «መፍራትህ ጥሩ ነው» አሉኝ። «የማይፈራ ሰው አይጠይቅም። ነገ ሐኪምህ ጋ ሂድና የፈራኸውን ሁሉ ጠይቀው። ብስኩቱን ግን ወዲህ አምጣው።» ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ በሉት። «ጣፋጭ ነው፣ አልፈርድብህም» ይላሉ በየመሃሉ።

በማግሥቱ ሐኪሙን እንደ ሕፃን ልጅ ስጠይቀው ዋልኩ። የት ጋ ነው የሚቆረጠው? ስንት ቀን እተኛለሁ? ማሽን ላይ ጎንበስ ብዬ መሥራት እችላለሁ? ሳይሰለች አንድ በአንድ መለሰልኝ። ምንም አደጋ የለውም አላለኝም፤ ያለውን አደጋ ነገረኝ። እንዲህ ሲሆን ፍርሃቴ ባይጠፋም ልኩ ታወቀ። ልኩን የማውቀው ነገር ደግሞ አያስቸግረኝም፤ ሥራዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ደስ የሚለው ክፍል ነው። መምህርቷ «እንግዲህ ሶምሶማ» አሉኝ፤ ግማሽ ዙር በሶምሶማ፣ ግማሹን በእርምጃ። በላስቲክ ጠርሙስ አሸዋ ሞልቼ በቀሚስና በቀሚስ መሃል ክንዴን አሠራለሁ። አንዷ ደንበኛዬ ልብስ ልትለካ ብቅ ብላ በሁለት እጄ ጠርሙስ አንሥቼ ስቃትት አየችኝና «ይቅርታ፣ ጸሎት ላይ ነዎት?» ብላ ተመለሰች። ደረጃው ላይ ሮጬ ደረስኩባት።

አንድ ጠዋት ደግሞ ሊፍቱ የምሩን ተበላሸ። የሕንፃው ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያለከልካል። እኔ አንድ ጥቅል ጨርቅ ትከሻዬ ላይ አድርጌ «ይቅርታ፣ አሳልፉኝ፣ ይቅርታ» እያልኩ በመሃላቸው አለፍኩ። ጥበቃው ከታች ሆኖ አጨበጨበልኝ። አራተኛ ፎቅ ደርሼ ማንም እንደማያየኝ ሳረጋግጥ ነው ግድግዳውን ይዤ የተነፈስኩት፤ ግን ደረስኩ።

ላስቲኬን ከሱሪዬ ፈትቼ ጣልኩት። በኋላ ማጥበቡም ስላልበቃ አዲስ ሱሪ ቆረጥኩ።

ባለፈው ዓርብ ሐኪሙ ሚዛን ላይ አቆመኝ። ሰማንያ ዘጠኝ! ግፊቴ ደህና፣ ስኳሬ ደህና። የድሮ ካርዴንና ፊቴን እያፈራረቀ አየና «ሌላ ሰው ልከህብኝ ነው ወይስ ራስህ ነህ?» አለኝ። «ሴት በዘጠኝ ወር ልጅ ትገላገላለች፤ እኔ ሃያ ሦስት ኪሎ ተገላገልኩ» አልኩት። ስቆ ሲያበቃ ወረቀቱ ላይ «ለመለገስ ብቁ» ብሎ ጻፈና አንቺ ወደምትታከሚበት ሆስፒታል ላከው። መምህርቷ ዘንድ ሄጄ ስነግራቸው አንገቴን አቀፉኝና «ነገም አሥራ ሁለት ሰዓት ነው» አሉኝ። እሑድ ለአንቺ ደወልኩ። የቀረውን ታውቂዋለሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ይህን ሁሉ የጀመርኩት ላንቺ ብዬ ነው፤ አልክድም። ግን ዛሬ ትንፋሼን ሳልይዝ የጫማዬን ክር አስራለሁ። ጉልበቴ አያመኝም። ባለቤቴ «ማንኮራፋትህ ናፈቀኝ» እያለች ትቀልድብኛለች። አልቀበልም ብትዪ እንኳ ኪሎው አይመለስም፤ መምህርቷም አይለቁኝም። ስለዚህ ውለታ ሆኖ አይክበድሽ። አንቺ ሳታውቂው ከበሽታ አውጥተሽኛል፤ እኔ ደግሞ እያወቅሽው ላወጣሽ እፈልጋለሁ።

ረቡዕ እመጣለሁ። ከመናኸሪያው እስከ ቤትሽ ያለውን ዳገት በእግሬ ነው የምወጣው፤ ልጅሽ መኪና ይዛ እንዳትጠብቀኝ። በሩ ላይ ስታዪኝ «መነመንክ!» ብለሽ እንዳታለቅሺ። ራት አዘጋጂ፤ አብረን እንበላለን፤ አንቺም የተፈቀደልሽን፣ እኔም የተፈቀደልኝን።

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታልሽ ቀጥሮናል፤ ሐኪሞቹ ለየብቻ ያስገቡናል። እኔን «በፈቃድህ ነው?» ይሉኛል። አንቺን «ትቀበያለሽ?» ይሉሻል። የኔ መልስ ዘጠኝ ወር ፈጅቶብኛል። አንቺ እስከ ሐሙስ ጊዜ አለሽ።

አዎ በያቸው፣ እትዬ።

ታናሽ ወንድምሽ