ለመቀመጥ ስንት ነው?

ይድረስ ሽንፋ ለምትገኘው ለባለቤቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱሏሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? እናትሽ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? አባትሽስ? ሙሽራዋ እህትሽስ ቤቱን ለመደችው? እኔ ከብስጭት በስተቀር አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሸሕዲም እንዳለች ናት፤ ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ከደጋ የወረደው ሠራተኛ መናኸሪያው ላይ ተኮልኩሎ ቀጣሪ መጠበቁ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። የጎደልሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

ስልክ ብደውል አታነሺም። መልእክት ብልክ ታይቶ ዝም ነው። ስለዚህ ይኸው እንደ ጥንት ሰው ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ሙነወር ነገ ሚኒባሱን ይዞ ወደ እናንተ ሲመጣ ይሰጥሻል። ሳታነቢው እንዳትጥይው አደራ።

ጋራዡ ጭር ብሏል። ምሳ ቀርቧል ብለሽ ደጋግመሽ ጠርተሽኝ አልሰማ ስል፣ ከኋላዬ መጥተሽ የናፍጣውን መዝጊያ ዘግተሽ የምሠራበትን ሞተር የምታጠፊብኝ ነገር ያኔ ያናድደኝ ነበር። አሁን ሞተሩ ሳይጠፋ ይውላል፣ እኔም ምሳ ሳልበላ እውላለሁ።

ተቆጥተሽ አባትሽ ቤት ከገባሽ ወዲህ ሰው ሁሉ ሽማግሌ ላክ ይለኛል። እምቢ አልኩ። ምን አጥፍቼ? አልመታሁሽ፣ አልሰደብኩሽ፣ ሌላ ሴት አላየሁ። ገብረማርያም የሚባል ገበሬ ትራክተሬ ቆመብኝ ብሎ ገለጉ ወሰደኝ፣ መለዋወጫው ከጎንደር እስኪመጣ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ፣ በዚያው የእህትሽ ኒካህ አለፈኝ። ጥፋቴ ይኸው ነው። አንቺ ግን ዘመድ ሁሉ ባልሽስ? እያለ ሲጠይቅሽ መዋሉ አንገበገበሽ። ጊዜህን ለአገሩ ሁሉ በትነህ ለእኔ የምታመጣልኝ ድካምህን ነው አልሽ። ደስ ያለህን ስጠኝ እያልክ ምርቃት ተሸክመህ ትገባለህ፣ ምናለ ዋጋህን ብትናገር አልሽ። እርግጥ ከገለጉ ይዤ የመጣሁት ምርቃትና አንድ ጆንያ ማሽላ ነው። ተናደድኩብሽ፤ ነገርሽ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ቆይ፣ ጊዜዬን እንዴት እንደምሸጥ ታያለሽ ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ በቁርጥ ሞከርኩ፤ ለዚህ ሥራ ይህን ያህል ብዬ። ውባንተ የሚባል ገበሬ የውሃ ፖምፑ ቆሞበት ነበር። ሊያስነሳው ሲሞክር ድምፁን ስሰማ ሕመሙ ገባኝ፤ ፈታሁት፣ አጸዳሁት፣ አስነሳሁት። ታዲያ ውባንተ ይደሰታል ስል ፊቱ ጠቆረ። ገና እጅህን ግራሶ ሳይነካው ለዚህች ነው ይህን ሁሉ ብር? አለኝ። ከዚያ በኋላ ወላሂ ብታዪኝ ትስቂ ነበር። በሚቀጥለው ሰው ላይ ምንም ያልሆነውን ብሎን እየፈታሁ መልሼ ማጥበቅ ጀመርኩ፤ እያላበኝ፣ እያቃሰትኩ። ሰውየው አንጀቱ ራሰ፣ ሳይከራከር ከፈለ፣ አይዞህ በርታ ሁሉ አለኝ። እኔ ግን ቤት ገብቼ ራሴን ጠላሁት። ሥራ ስለቻልኩ ሰነፍ መምሰል አለብኝ? ኧረ ወዲያ!

ከዚያ በቀን አደረግሁት። እሱ ደግሞ ባሰ። አንድ ባለ እርሻ፣ ስሙን ተይው፣ ሞተሩን ገና በማለዳ አስነሳሁለት። ዕቃዬን ስሰበስብ ወዴት ነው? ቀኑ እኮ የኔ ነው አለኝ። የበር ማጠፊያ አስበየደኝ፣ ጀነሬተር አስጠረገኝ፣ ሰሊጥ ሲጫን ጆንያ አሸከመኝ። የቀረው ፍየል አግድ ማለት ብቻ ነበር፣ እሱንም ሳያስበው አልቀረም፣ ዓይኑ ፍየሎቹ ላይ ነበር። መናኸሪያ ላይ የሚቀጠረው የቀን ሠራተኛ እንኳ አረም ነው ወይ አጨዳ ነው ብሎ ተዋውሎ ነው የሚሄደው። እኔ ከእሱም አነስኩ።

በመጨረሻ በሰዓት አልኩ። ከቤቴ ስወጣ ስልኬ ላይ ሰዓት ቆጣሪውን እጫነዋለሁ፣ ስመለስ አቆመዋለሁ፤ መንገዱም፣ መጠበቁም፣ ወሬውም ይቆጠራል። ይህንኑ በራፌ ላይ በቀለም ጻፍኩት። አቤት የሰው መለወጥ! ሰላምታ ጠፋ። እኛ አገር ሰው ጤናውን፣ ልጁን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። አሁን ገና ከሞተር ሳይክሌ ሳልወርድ ማሽኑ ያውልህ ነው። እንዴት ሰነበትክ ስለው ሰውየው ስልኬን እያየ ደህና፣ ደህና ብሎ ያቋርጠኛል። ሻይ የሚያቀርብልኝ የለም፤ ሻዩ የሚያስከፍላቸው ሁለቴ ነዋ፣ አንዴ በስኳሩ አንዴ በሰዓቱ። ባለ ሱቋ ዘሊካ እንኳ፣ ያቺ ጀነሬተሯን ስሠራላት የመተማን ወሬ ሁሉ የምትዘረግፍልኝ፣ ያንን ቆጣሪህን ካላጠፋኸው አንድ ቃል አልተነፍስም ብላ ተኮሳትራ ሸኘችኝ። ገንዘቡ ግን ገባ፣ አልዋሽሽም። ይኸው ተማርኩ ብዬ ላሳይሽ ነበር። ለማን ላሳይ? ቤቱ ባዶ ነው።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ሙነወር ደወለና የአማትህ የማሽላ መውቂያ ቆሟል፣ ይምጣልኝ ብለዋል አለኝ። ልቤ ዘለለ። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ። ልጃቸውን ቤታቸው አስቀምጠው አንድ ቃል ሳይልኩብኝ፣ ማሽን ሲቆም አማች እንዳላቸው ትዝ አላቸው? አማች አማቱን ዋጋ እንደማይጠይቅ አውቃለሁ። ቀና ብሎ እንኳ እንደማያያቸው አውቃለሁ። ግን ንዴት ይዞኝ፣ ሥራዬ በሰዓት ነው፣ ከሸሕዲ ጀምሮ ይቆጠራል ብለህ ንገራቸው አልኩት። ሙነወር፣ ለአማትህ? ብሎ ደነገጠ። አዎ፣ ለአማቴ! አልኩ። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ደወለ፤ እሺ፣ ብቻ ይምጣ ብለዋል አለኝ።

ቆጣሪዬን ተጭኜ መጣሁ። እርሻው ላይ ስደርስ አባትሽ ከዳሱ ጥላ ብድግ አሉ፤ ለእኔ! እጄን ይዘው ጤናዬን ጠየቁ፣ ቤቱን ጠየቁ፣ ሳሌን እንኳ ጠየቁ፤ አቧራ እንደሚያስለኝ አንቺ ነግረሻቸው መሆን አለበት። ገና ስለ መንገዱ ሳይጠይቁኝ፣ አባባ ሰዓቱ እየቆጠረ ነው አልኳቸው። እጄን ለቀቁት።

መውቂያውን የሚያንቀሳቅሰው አንዱአምላክ የሚባል ከጎጃም የመጣ ሰው ነው። እሱም፣ ጠዋት ደህና ሲሠራ ቆይቶ፣ ቁርስ በልቼ ስመለስ ሞተሩ ጠፍቶ አገኘሁት፣ አልነሳም አለኝ ብሎ ነገረኝ። ታንኩ ሥር ጎንበስ ብዬ ሳይ የናፍጣው መዝጊያ ተዘግቷል። ሌላ ምንም የለውም። ከፈትኩት፣ የገባበትን አየር አስወጣሁ፣ ተነሳ። ቀስ ብዬ አንተ ነህ የዘጋኸው? ስለው በማርያም ብሎ ማለ፤ እንኳን ልዘጋው መኖሩንም አላውቅ አለኝ። አላመንኩትም። እንጀራውን እንዳላሳጣው ብዬ ግን ለአባትሽ፣ ቆሻሻ ነው የዘጋው አልኳቸው።

አባትሽ ምሳ ደርሷል፣ ቤት ገብተህ እህል ቅመስ፣ ትንሽ አረፍ በል አሉኝ። ቤቱ ከእርሻው ጫፍ እየታየኝ ነው። የምትከናነቢው ቢጫ ቶብሽ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እግሬ ወደዚያ ይላል፤ ይህ የተረገመ አፌ ግን፣ መቀመጥም ይቆጠራል አባባ አለ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከኪሳቸው አውጥተው ሳይከራከሩ ከፈሉኝና፣ ለመሆኑ ልጄ፣ ለመቀመጥ ስንት ነው? ንገረኝና እሱንም ልክፈል አሉኝ። ማሽላውን የሚያቀርቡት ሠራተኞች ሁሉ ሰምተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሞተር ሳይክሌን አስነስቼ ወጣሁ።

ሽንፋ ወንዝ ጋ ስደርስ ነው የገባኝ። ያ መዝጊያ ጠንካራ ነው፣ ንዝረት አይዘጋውም፣ የሰው ጣት ይፈልጋል። አንዱአምላክ አያውቀውም። አባትሽ ማሽን አይነኩም። ምሳ ደርሷል ሲሉኝ እንኳ ያንቺ ጣት ትዝ አላለኝም! እኔ ደደቡ፣ ሞተር የሚያመውን በድምፁ የማውቀው! ወንዙ ዳር ቆሜ ልመለስ ብዬ አዞርኩ፣ ከዚያ የአባትሽ ፊት ታየኝና አፈርኩ። ቆጣሪው ኪሴ ውስጥ ይቆጥራል። አውጥቼ አጠፋሁት፣ ወደ ባዶው ቤቴ ነዳሁ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፣ በማንም ሳይሆን በራሴ።

በሰዓት ማስከፈሉን አልተውም፤ ዋጋህን ተናገር ያልሽኝ ልክ ነሽ። ግን ቆጣሪውን የምጫነው መፍቻ ስይዝ እንጂ ሰው ሰላም ስል አይደለም። በራፌ ላይ ያለውንም አጥፍቼ እንደገና ጽፌዋለሁ። ከዐስር ሶላት በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ አይሸጥም፤ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አባትሽ የከፈሉኝን ገንዘብ በሙነወር አልመልስም፣ ሌላ ድፍረት ይሆንብኛል፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። ከጁሙዓ በኋላ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ እኔም ከኋላቸው። ስልኬን ሸሕዲ ትቼ ነው የምመጣው። እስክትሰለቹት ድረስ ይቀመጣል ብለሽ ለአባትሽ ንገሪልኝ።

አላህ የእናትሽን ጉልበት ያበርታ፣ ለአባትሽ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ በማሽላቸው ላይ በረካውን ያውርድ፣ ያንቺንም ልብ ያራራልኝ። ናፍቀሽኛል። ተናድጄም ናፍቀሽኛል።

ሽማግሌ አልልክም ሲል የከረመው ባልሽ

ለአባትሽ ቆሻሻ ነው እንዳልኩ ነው፣ እንደዚያው ይቅር። ቤትሽ ስትመለሺ ግን ምሳ ሲደርስ መጣራቱን ተይው። መዝጊያውን ዝጊው፣ እነሳለሁ።