የሀምዲያን ኮምፒዩተርና በውስጡ ታስረዋል የተባሉትን ነፍሳት ስለ ማስለቀቅ

ለተከበሩ አቶ አሸብር፣
የቀበሌያችን የደንብ ማስከበር ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን፣ የወንበርዎን ምቾትና የማኅተምዎን ቀለም አለመድረቅ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከራጉኤል ጀርባ የምኖር፣ ሠላሳ አራት ዓመት በማተሚያ ቤት የሌላውን ሰው ስሕተት ሳርም ኖሬ በጡረታ ዘመኔ የራሴን ስሕተት ለመሥራት የበቃሁ ሽማግሌ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው፣ በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ማመልከቻዎች በአስተያየት መስጫ ሣጥንዎ ውስጥ በሰላም ማረፋቸውን ዘበኛዎ አቶ ዱባለ ስላረጋገጡልኝ ነው፤ የሣጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኖታልና ማንም አይረብሻቸውም።

እንደሚያስታውሱት፣ የዛሬ ወር ግድም ከሁለት ደንብ አስከባሪዎች ጋር ሰባተኛ ሰፈር በሚገኘው የወይዘሮ ሀምዲያ ጌም ቤት ተገኝተው፣ ግድግዳው ላይ «ነፍስን በዕንቁ ስለ ማሰርና በሰይፍ ላይ ስለ መድገም» የሚል ጽሕፈት በማየትዎ፣ ቤቱን አሽገው ያላትን አንድ ኮምፒዩተር ወስደዋል። በቃለ ጉባኤውም «ግለሰቧ በማሽን ነፍስ በመያዝ ሕገ ወጥ የጥንቆላ ተግባር ስትፈጽም እጅ ከፍንጅ ተይዛለች» ተብሎ ሰፍሯል። አምስት ወቅት ሰላቷን የማታቋርጥ ሴት በደብተራ ሥራ ስትከሰስ በመርካቶ የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርምና፣ እንኳን ደስ አለዎ።

ጽሕፈቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሀምዲያ ቤት የሚጫወቱት ተሸካሚዎችና የሱቅ ሰዎች የጨዋታውን የእንግሊዝኛ መመሪያ ማንበብ ቢቸግራቸው ወደ አማርኛ መለስሁላቸው፤ የለመድሁት ነገር አልለቅ ብሎኝም ርእሱን በቀይ፣ ሐተታውን በጥቁር ቀለም፣ እንደ ድሮ ብራና አድርጌ በእጄ ጻፍሁት። የእጅ ጽሕፈት በጠፋበት በዚህ ዘመን አንድ ሹም ሥራዬ ፊት ቆሞ ማንበቡ፣ ከሦስተኛው መስመር ባያልፍም እንኳ፣ ደስ ሳያሰኘኝ አልቀረም። ካላለፉት መስመር ወዲያ ያለውን ለማስረዳትና ቅሬታዬንም በዚያው ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ፣ በጨዋታው ነፍስ የሚያዘው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ባዶ ዕንቁ ይይዛል፤ አውሬው ገና በሕይወት ሳለ የማሰሪያውን ድግምት ይጥልበታል፤ ድግምቱ ሳያልቅም ይገድለዋል፤ ያን ጊዜ ነፍሱ ዕንቁው ውስጥ ትገባለች። ጊዜው ካለፈ ግን ነፍሲቱ ታመልጣለች፣ ዕንቁውም ባዶውን ይቀራል። የሚሞተውም ተኩላ በመስተዋት ላይ የሚታይ ሥዕል ነው። ከዚህ አንጻር የክፍልዎ አሠራር እጅግ የላቀ መሆኑን ሳልመሰክር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል፤ ባለጉዳዩ ሳይሞት፣ የጊዜ ገደብም ሳይኖር፣ «ነገ ተመለስ» በሚሉ ሁለት ቃላት ብቻ ነፍሱ በኮሪደርዎ አግዳሚ ወንበር ላይ ታስራ ትውላለችና።

2ኛ፣ የሰው ነፍስ በተራ ዕንቁ አትገባም፤ ጥቁር ዕንቁ ያስፈልጋታል፣ እርሱም በጨዋታው ዓለም እንኳ ነውር ነው። ተሸካሚው ሶሬሳ አንድ ቀን በሽፍቶች ዋሻ ጥቁር ዕንቁ ቢያገኝ፣ «ጋሼ ካሳ፣ ይሄ እንኳን ይቅርብኝ፣ የሰው ነፍስ ይዤ ቤቴ እንዴት እገባለሁ!» ብሎ እዚያው ወንዝ ውስጥ ወረወረው። በቃለ ጉባኤዎ «የነፍስ ነጋዴዋ ተባባሪ» የተባለው ይኸው ሰው ነው።

3ኛ፣ መድገም የተባለው ደግሞ፣ ነፍስ የያዘውን ዕንቁና ሰይፉን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማገናኘት ነው። ዕንቁው ይሰበራል፣ ሰይፉ እሳት መትፋት ይጀምራል፤ ሲመቱበት ሲመቱበት ኃይሉ ያልቅና ሌላ ነፍስ ካልመገቡት ተራ ብረት ሆኖ ይቀራል። ይህን በምናለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ ምድጃ ለሚሠራው ለረዲ ባስረዳው ምንም አልደነቀው፤ እርሱ የዘይት ጣሳን ነፍስ ወደ ምድጃ ሲያሸጋግር ነው የሚውለው። «ታዲያ ይሄ ምኑ አስማት ነው፣ ጋሼ? ሙያ ነው እንጂ!» አለኝ። አዲስ ድግምት መማር የሚሻ ሰው ግን ድግምት ያደረበትን ዕቃ ማፍረስ ግዴታው ነው፤ ዕቃው ይጠፋል፣ ዕውቀቱ ለአፍራሹ ይቀራል። እርስዎ የሀምዲያን እንጀራ ካፈረሱ ወር ሆነዎ፤ ምን እንደ ተማሩበት ቢገልጹልን ለትውልድ በጠቀመ ነበር።

አራተኛው ቅሬታ ስለ ሥነ ምግባርዎ ነበር፤ ነገር ግን ጉዳዩን በግምገማ ላይ ራስዎ አንስተው ራስዎ አጥጋቢ መልስ እንደ ሰጡበት ስለ ሰማሁ ትቼዋለሁ።

5ኛ፣ ሀምዲያ። ባሏ ካረፈ ወዲህ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ማሽን ነው። አሁን በርጩማዋን አውጥታ በታሸገው በሯ ፊት ትቀመጣለች፤ ደንበኞቿ እንዳይበተኑባትም ለመጣው ሁሉ «ትንሽ ነው የቀረው፣ ነገ ይከፈታል» ትላለች። እንዲህ ስትል አንድ ወር ሞላት። ባለፈው ሳምንት አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ጠራችኝና፣ «ጋሼ ካሳ፣ አይዘኑ እንጂ፣ ጽሕፈቱ እኮ ያምር ነበር» አለችኝ። በሠላሳ አራት ዓመት ሥራ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ፣ እንዲህ ያለ ቅጣትም ተቀጥቼ አላውቅም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ ክፍልዎ ጠንቋይ መያዙ የግድ ከሆነ ጻፊው እኔ ነኝና፣ ቀዩንና ጥቁሩን ቀለሜን ይዤ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ቢሮዎ እቀርባለሁ፤ እኔን ያሽጉኝና የሴትዮዋን በርና ማሽን ይልቀቁላት። ስለ ዋሉልኝ ውለታ ሁሉ፣ በተለይም በስድስት ምልልስ ስላስገኙልኝ የእግር ጉዞ፣ ጉልበቶቼ በየፊናቸው ያመሰግኑዎታል።

ነፍሱ በኮሪደርዎ አግዳሚ ላይ የታሰረች፣
ሥጋው ግን ለጊዜው ከራጉኤል ጀርባ የሚገኝ፣
ታዛዥዎ ካሳ ይርዳው፣ የቀድሞ አራሚ
ጥር ፳፻፩ ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ አቶ ዱባለ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ባሉኝ ሰዓት፣ ከቢሮዎ የሰይፍ ድምፅ ስለ ሰማሁ በበሩ ክፍተት ዐይኔን ጣል አድርጌ ነበር። የእሽጉ ወረቀት በማሽኑ ፊት ላይ ሳይቀደድ በመቆየቱ ተደስቻለሁ፤ ሽቦው ከኋላ መሰካቱን ግን ቃለ ጉባኤው አይጠቅስም። ያለ ሱሪ በጨዋታው ገበያ መካከል ያስሮጡት የነበረው ጀግና «ግራዝማች» ይባላል፤ የእኔ ነው፤ ለዚያ ደረጃ ለማብቃት ስምንት ወር ደክሜበታለሁ። ስለ ሱሪው ይቅር ብዬዎታለሁ። ነገር ግን ለዘንዶ ነፍስ አስቀምጬው የነበረውን ብቸኛ ታላቅ ዕንቁ ዐይኔ እያየ የአይጥ ነፍስ አስገብተውበታል። ያላነበቡት አራተኛው መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ «በታላቅ ዕንቁ ታናሽ ነፍስ ከገባች፣ ዕንቁው ሞልቷል ይባላል፤ ለታላቅም ስፍራ አይኖረውም።» ይህ ሕግ ለወንበርም ሳይሠራ አይቀርም። አይጧን ግን አደራ እንዳይነኳት፤ የተያዘችበትን ቀንና ሰዓት ማሽኑ ራሱ መዝግቦታልና፣ ሰኞ ስመጣ ለምስክርነት እፈልጋታለሁ።