ኋላ ገፊ መኪና ይመጣል ያልከን ነገር

ይህች ደብዳቤ በጫልቱ ቦርሳ ተሸሽጋ ሻርጃ ድረስ እጁ ለምትገባለት ለወንድሜ ለነስረዲን ኸይረዲን፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ ነስሩዬ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህስ? ዕቃ ስታነሳ ተጠንቀቅ ብዬህ ነበር፤ ሰማኸኝ ወይስ እንደ ልማድህ እሺ ብለህ ረሳኸው? የዚያ አገር ሙቀትስ ጀመረ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ? ባለፈው በስልክ ሳይህ ጉንጭህ ጎድሎ ታየኝና ብጠይቅህ መብራቱ ነው አልከኝ። መብራት ሰው እንደሚያከሳ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። የእማዬ ደም ግፊት ረገብ ብሎላታል። ልጄ ነጃት ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ትንሽ አሮጊት መስላለች፤ ብታያት በሳቅ ትሞታለህ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኩማ አለ። ግን አንተ በደወልክ ቁጥር አባባ ድምፁን ከፍ አድርጊው ስለሚሉኝ፣ እኔና አንተ የምናወራው አባባም እማዬም ከጎረቤት ሱቅ ብቅ ያለ ሰውም እየሰማን ነው። መልእክት ጽፌ ብልክልህ ደግሞ አንድ አውራ ጣት መልሰህ ታልፈኛለህ። ስለዚህ በአውራ ጣት የማይታለፍ ነገር ልላክልህ አልኩ። ነጋዴዋ ጫልቱ ዓርብ ልብስ ልታመጣ ወደ ዱባይ ስለምትበር በእሷ እጅ ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

በረመዳን ለአባባ የላክህላቸውን ቪዲዮ ታስታውሳለህ? አንድ ሰውዬ ስለ መኪና ፋብሪካው የሚተነትንበትን። በእኛ ቤት ፋብሪካው ከተባለ ያው አንድ ነው፤ አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መለዋወጫውን የሸጡት። ሰውዬው ፋብሪካው ከሦስት ዓመት በኋላ እንደ ድሮው ከኋላ የሚገፋ ትንሽ መኪና ሊሠራ አስቧል፣ በብዛትም ሊያመርት አቅዷል ይላል። መኪናው የለም፤ የሚያሳየው ሥዕል ብቻ ነው። እሱ ራሱ "ይባላል" እና "ሳይሆን አይቀርም" ከማለት አላለፈም። አንተ ግን ከሥሩ "አባባ፣ የእርስዎ ዘመን ሊመለስ ነው" ብለህ ጻፍክበት። አባባ ከቪዲዮው ይልቅ ያቺን አንዲት መስመር ነው ደጋግመው ያስነበቡኝ።

ከዚያማ ምን ልንገርህ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ የሠፈራችን የሰባተኛ ሰው ግን የጨመረበት ሌላ ወሬ ነው። ጠዋት እኛ ደጃፍ "ሳይሆን አይቀርም" የተባለው ቀትር ላይ "ተወስኗል" ሆነ። እህል በረንዳ ሲደርስ ደግሞ ጤፍ የሚያራግፉት ሰዎች መኪናው እዚሁ አገር ሊገጣጠም ነው ብለው ቦታውን ጭምር ያውቁ ነበር። እማዬ ከጎረቤት ሰምታ የመጣችው ከሁሉም ይበልጣል፤ የመቀመጫውን ቀለም ሳይቀር ነገረችን። አባባ መሀል ተቀምጠው ሁሉንም ሰው እየሰሙ "ልጄ ነው የላከው፣ እዚያው ከምንጩ" ይሉ ነበር። አንተ ጉምሩክ መጋዘን ውስጥ ሳጥን እንደምታነሳ ማንም እንዳያስታውሳቸው ፈለጉ መሰለኝ፤ እኔም አላስታወስኳቸውም።

ይኼ ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር። የሱቃችንን ነገር ታውቀዋለህ። ግማሹ ዕቃ ከኋላ ለሚገፋ መኪና ብቻ የሚሆን ነው፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻል፣ ከካምቢዮ ተነስቶ በመኪናው ሆድ ሥር እስከ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ ዘንግ፣ የኋላ ኩሽኔታ። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የእኛ ደንበኛ አሮጌ ሚኒባስ ያለው ሰው ብቻ ሆኗል። ከረመዳን በፊት አባባን ለምኜ ለምኜ፣ ግማሹን መደርደሪያ ለኤሌክትሪክ መኪና ዕቃ እንድናደርገው "እሺ እንግዲህ" አስብያቸው ነበር። ቪዲዮህ ሲመጣ እሺታቸው ተመልሶ ገባ። ይባስ ብለው ከኋላችን ያለው መስመር ላይ ሥራ የቀየረ አንድ ነጋዴ እጁ ላይ የቀረውን ዲፈረንሻል ሁሉ ጠራርገው ገዙት። ሰው ሳይነቃ መያዝ ነው አሉኝ።

በነጋታው ሱቅ ስገባ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው። እያንዳንዱን ዕቃ ግሪስ እየቀቡ በጋዜጣ ይጠቀልላሉ፣ ሳጥን ውስጥ ያስገባሉ፣ ሳጥኑ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ጠጋ ብዬ አነበብኩት። የነስሩ። የሚቀጥለውም የነስሩ። ሁሉም የነስሩ።

አልዋሽህም፣ ከፋኝ። ያን ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት የከፈትኩት የዘጋሁት እኔ ነኝ። የኩሽኔታ ቁጥር ሳላይ ዳስሼ የምናገር ሴት ሆኜ፣ መካኒኩ ሁሉ "ሂዳያ ካለች ነው የምመጣው" እያለኝ፣ አንዲት ሳጥን ላይ እንኳ ስሜ አልተጻፈም። ለነገሩ አባባ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሱቅ ለወንድ ልጅ ነው ሲባል ሰምተው ያደጉ ሰው ናቸው። ግን ክፉ አለመሆናቸው ልቤን አላሻረልኝም። ዓይኔ ውስጥ ግሪስ ገባ ብዬ ወጣሁ።

ያስጨነቀኝ ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። የእኛ ሰው ትልቅ ነገሩን የሚናገረው ለአረፋ አገር ቤት ሲገባ አይደል? ማን ተዳረ፣ ማን ሱቅ ተረከበ፣ ሁሉም ዘመድ ፊት ተነግሮ ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጉበታል። አንዴ ዱዓ የተደረገበትን ነገር መልሶ ማንሳት ደግሞ ለአባት ውርደት ነው። አባባ ዘንድሮ ሱቁን በአንተ ስም ሊያስመርቁ ተነሱ። "ገበያው ሊመለስ ነው፣ ልጄም ሊመለስ ነው" ብለው ለአጎታችን ልከዋል። አንተ ደግሞ በጥር ውልህን ለሦስት ዓመት እንዳደስክ፣ ከእንግዲህም የምትመጣው ልትጠይቀን እንጂ ልትኖር እንዳልሆነ ለእኔ ብቻ ነግረህ፣ "ለአባባ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ" ብለኸኝ ነበር። ይኸው አራት ወር ሊሞላ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የአንተ ዝምታ ግን ነቅዟል ነስሩዬ። በመንገር ፈንታ የመኪና ወሬ ትልክላቸዋለህ። እኔም ምስጢርህን አፌ ውስጥ ይዤ፣ አባባ ባዶ ቦታ ላይ ዱዓ ሊያስደርጉ ሲሰናዱ አያለሁ።

ባለፈው ሰኞ ጋሼ አለሙ፣ አብነት ጋ ጋራዥ ያላቸው የአባባ ጓደኛ፣ ሰው ላኩባቸው። "ኸይረዲን፣ የምትለው ኋላ ገፊ እኔ ጋ ቆሟል፣ ና እይው" ብለው። አባባ የጁምዓ ኮታቸውን ለብሰው እኔን አስከትለው ሄዱ። መኪናው አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ጎማው ወልቆ በክሪክ ተነስቷል። ጉልበታቸውን ታውቀዋለህ፤ ለሶላት እንኳ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ያን ቀን ግን ካርቶን አስነጥፈው በጀርባቸው ገቡ። እኔም ተንበርክኬ በስልኬ አበራሁላቸው።

ከፊት ጀምረው በእጃቸው እየዳሰሱ ሄዱ። ካምቢዮውን ፈለጉ፤ የለም። ረጅሙ ዘንግ ያልፍበት በነበረው ቦታ የተነጠፈው ባትሪ ነው። ኋላ ሲደርሱ ሞተሩ ራሱ በሁለቱ ጎማዎች መሀል ቁጭ ብሎ አገኙት። መኪናው ከኋላ ነው የሚገፋው፣ እውነት ነው። የቪዲዮው ሰውዬም እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ፋብሪካው ያሰበውን ይሠራ ይሆናል። ግን እንዲህ አድርጎ ከሠራው፣ እኛ መደርደሪያ ላይ ካለው ዕቃ አንዱንም አይፈልግም። ጋሼ አለሙ ሊያሾፉ "ላም አለኝ በሰማይ" ብለው ሲጀምሩ በዓይኔ ለመንኳቸውና ተዉት።

አባባ ከሥር ብዙ ቆዩ። ደክሟቸው መስሎኝ "ላውጣዎት አባባ?" አልኳቸው። "ቆይ፣ እያየሁት ነው። እንዴት አድርገው አሳመሩት ባክሽ" አሉኝ። ስወዳቸው! ሲወጡ ኮታቸውን እያራገፍኩላቸው ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብለው "ነስሩ እንዳይሰማ" አሉ። "ባዶ እጁን ላለመደወል ብሎ ያመጣት ወሬ ናት። አልሆነችም ብለሽ አትመልሺበት።"

ስንመለስ መንገዱን አጋመስን። ከዚያ ድንገት "ውሉን አድሷል አይደል?" አሉኝ። ማን ነገረዎት አልኳቸው፤ ክው ብዬ። "ማንም። እመጣለሁ የሚል ልጅ ቤቱን ይጠይቃል፣ ሠፈሩን ይጠይቃል። እሱ ከመኪና ሌላ አያወራኝም። መኪናው ከመጣ እሱም ይመጣ ይሆናል ብዬ ነው እኔም የያዝኩት" አሉ። ክንዳቸውን ያዝኩ።

እንዳትሰማ ያሉኝን ይኸው አሰማሁህ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። አረፋ ሳይደርስ ደውልላቸው። ስለ መኪና አትንገራቸው። ስለ ውልህ በራስህ አፍ ንገራቸው፣ ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ጠይቃቸው። ዲፈረንሻሉ አያሳስብህ፤ አሮጌ ሚኒባስ እስካለ ድረስ ቀስ እያለም ቢሆን ይሸጣል። ደግሞ አንድ ነገር ይቅር በለኝ። በእነዚያ ሳጥኖች የተነሳ ሁለት ሳምንት ተቀይሜህ ነበር፤ ሳትሰማ ተቀየምኩህ፣ ሳትሰማም ታረቅኩህ።

እማዬ በብዙ ሰላም ብላሃለች፤ ጫልቱ የያዘችልህ ቂቤ ከእሷ ነው፣ ለጓደኛ እንዳታካፍለው ብላለች፤ አንተ ግን አካፍል። ባለቤቴ ሸምሱ ሰላም ብሎሃል። ነጃት አጎቴ ጥርስ ይላክልኝ ብላለች፤ ዱባይ የማይሸጥ ነገር የለም የሚላትን አባቷን ተቆጣልኝ። ጋሼ አለሙም ሰላም በይልኝ ብለዋል።

አባባ ደብዳቤ እንደምጽፍ ያውቃሉ፤ ምን እንደምጽፍ ግን አልነገርኳቸውም። ምን ልበልልዎት ብዬ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እንዲህ ብለሽ ጻፊ አሉኝ፦ "ሱቁን ለአረፋ በሂዳያ ስም አስመርቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ና የምልህ ሱቅ ስላለኝ አይደለም።" ሌላስ ብላቸው "እሱ ይገባዋል" አሉ። እንዳሉኝ ጻፍኩት፤ ስሜን ስጽፍ ግን ብዕሩን ጫን አድርጌዋለሁ፣ ታየዋለህ።

እህትህ ሂዳያ ኸይረዲን
ሰባተኛ፣ መርካቶ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.